የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ፤ አመጣጡና የድምፁ ጥራት

ጊታር ጸጥታ ባለበት ክፍል ለብቻው ሲመታ ድምፁ ለሰሚው ይበቃል። ጥሩምባና ሳክስፎን በሚነፋበት፥ ከበሮ በሚመታበት አዳራሽ ግን ተጫዋቹ ጣቱ እስኪላጥ ቢመታ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው በቀር የሚሰማው አያገኝም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የጭፈራ አዳራሾች እየሰፉ፥ የሙዚቃ ጓዶችም እየበዙ በሄዱ ጊዜ የጊታር መቺዎች ዕጣ ይህ ነበረ። ከጓዱ መካከል ይቀመጣሉ፤ ምቱን ይጠብቃሉ፤ ዜማ እንዲመሩ ግን አይጠየቁም፤ ቢጠየቁም አይሰሙም። ያ ድምፀ ትሑት መሣሪያ ዛሬ አደባባይ የሚያናውጥ ሆኗል። ይህን የለወጠው ከአውታሮቹ ሥር የሚቀመጥ፥ ከአንድ መዳፍ የማይበልጥ ዕቃ ነው።

ዕቃው ፒክአፕ ይባላል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በዚህ ስም የሚያውቁት ከኋላዋ ጭነት የምትይዘውን መኪና እንደ ሆነ አናጣውም። የቃሉ መሠረት ግን አንድ ነው፤ ማንሣት፥ መልቀም ማለት ነው። መኪናዋ ዕቃ ታነሣለች፤ ይኸኛው የአውታርን ንዝረት ይለቅማል። እኛም በዚህ ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ፒክአፕ፥ አንዳንድ ጊዜም የጊታሩ ጆሮ እንለዋለን። ታሪኩን ስንመረምር ያገኘነው ነገር ይህ ነው፤ ሠሪዎቹ በመጀመሪያ የፈለጉት ኃይልን ብቻ ነበረ፤ ኃይልን ካገኙ በኋላ ግን ብሩህና ጥርት ያለ ድምፅ ለማግኘት ከዚያው ከኃይሉ ላይ እየቀነሱ ዋጋውን መክፈል ግድ ሆነባቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ የሐዋይ ደሴቶች ሙዚቃ ከቀረበ ወዲህ፥ ጊታርን በጭን ላይ አጋድሞ በብረት ቁራጭ አውታሮቹን እየዳበሱ መጫወት በአሜሪካ ተወዳጅ ሆኖ ነበር። ጆርጅ ቢቻም የተባለው ሰው ከነዚህ ተጫዋቾች አንዱ ነው። ተወልዶ ያደገው በቴክሳስ ሲሆን ኑሮውን በሎስ አንጀለስ ያደረገ የመድረክ ሰው ነበር። የእርሱ ጭንቀትም እንደ ባልንጀሮቹ ድምፁ አለመሰማቱ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ጆን ዶፒዬራ ከተባለው የእጅ ባለሙያ ጋር ሆኖ በሆዱ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ሣህን ያለበት የብረት ጊታር የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ። ጊታሩ ከእንጨቱ ይልቅ በብዙ ይጮኻል። ነገር ግን ማንኛውም በእጅ ጉልበት ብቻ የሚጮህ መሣሪያ ወሰን አለው፤ የሚወጣው ድምፅ ከእጁ ጉልበት ሊበልጥ አይችልም።

ቢቻም የማታ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ ኤሌክትሪክ ተማረ። ከዚያም የሸክላ ማጫወቻን ድምፅ ለቃሚ ነቅሎ አውታር በተወጠረበት ጣውላ ላይ እየገጠመ ሙከራውን ጀመረ። የመጨረሻው ሐሳብ የተገኘው ፖል ባርት ከተባለው ባልንጀራው ጋር ሲደክሙ ነው። ሁለት የፈረስ ጫማ የሚመስሉ ማግኔቶች ፊት ለፊት አደረጉ፤ አውታሮቹ በመካከላቸው እንዲያልፉ አደረጉ፤ ከአውታሮቹም ሥር ስድስት የብረት ዘንጎች የተተከሉበት የሽቦ ጥቅልል አስቀመጡ። ጥቅልሉን ለመጠምጠም በኋላ የተጠቀሙበት የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ነው ይባላል። ሃሪ ዋትሰን የተባለ እንጨት ሠሪ ክቡን ገላና ረጅሙን አንገት ከአንድ እንጨት በሞረድ ፈልፍሎ አወጣ። ይህ በ1931 ሆነ። በሚከተለው ዓመት ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር በማኅበር ሆነው ያንኑ ቅርጽ ከአሉሚኒየም እያፈሰሱ ለገበያ አወጡት። ሰዎች ባዩት ጊዜ መጥበሻ መሰላቸው፤ ስሙም «መጥበሻው» ሆኖ ቀረ።

ይህ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ሳይገለጽ የሚቀጥለው ታሪክ ስለማይገባ ጥቂት እንናገርበት። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፥ ማግኔት በሽቦ ጥቅልል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በጊታሩ ላይ ግን ማግኔቱም ጥቅልሉም ባሉበት ይቆማሉ፤ የሚንቀሳቀሰው አውታሩ ነው። አውታሩ ብረት ስለ ሆነ ማግኔቱ እርሱንም በመጠኑ ማግኔት ያደርገዋል፤ እርሱም ሲርገበገብ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል አብሮት ይወዛወዛል። ወፍራሙ አውታር በሴኮንድ 82 ጊዜ ቢርገበገብ፥ በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክም 82 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቀጭኑ 330 ጊዜ ቢርገበገብ እንዲሁ 330 ጊዜ ይሆናል። ማጉያው ይህን ደካማ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ያበረታና በድምፅ መልክ ያወጣዋል። እንግዲህ የጊታሩ ጆሮ አየርን የሚያዳምጥ አይደለም፤ የጅማት አውታር ቢወጠርበትም አንዳች አይሰማም፤ የሚሰማው ብረትን ነው። በኋላ ወደ ክራር ስንመጣ ይህን ነገር እናስታውሰዋለን።

ቢቻም የፈጠራ መብቱን ለማስከበር በሰኔ 1934 ማመልከቻ አስገባ። በዋሽንግተን ያሉት መርማሪዎች ግን ዕቃው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን ተጠራጠሩ። ይህን ለማስረዳት ተጫዋቾች ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው በመርማሪዎቹ ፊት እንደ ተጫወቱ ይነገራል። የመዝገብ ሥራ ለምናውቅ ሰዎች፥ ማመልከቻ በዘፈን የተደገፈበት እንዲህ ያለ ቀን በጣም የሚያስቀና ነው። መብቱ የተሰጠው በነሐሴ 1937 ነው፤ ሦስት ዓመት ያህል መቆየቱ ነው። በዚህ መካከል ሌሎች ኩባንያዎች የየራሳቸውን ጆሮ ሠርተው ገበያ ገብተው ነበር።

ከነዚህ ዋነኛው በሚቺጋን ክፍለ ግዛት በካላማዙ ከተማ የነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ነው። በ1936 ያወጣው ጊታር ኢኤስ 150 ይባል ነበር፤ ቍጥሩም ከማጉያው ጋር ተደምሮ ከሚጠየቅበት የዶላር ዋጋ የመጣ ነው ይባላል። ጆሮውን የሠራው ዋልት ፉለር የተባለ መሐንዲስ ነው። ከጊታሩ ገጽ በታች ሁለት ከባድ የማግኔት ዘንጎች ተደብቀው፥ ከላይ የሚታየው እንደ ቢላ ስለት ያለ አንድ ቀጭን ብረት ብቻ ነበረ። ይህ ሁሉ ሸክም የተንጠለጠለው የጊታሩን ገጽ በሚያልፉ ሦስት ብሎኖች ነው። ብሎኖቹ ሲጠብቁና ሲላሉ ጆሮው ወደ አውታሮቹ ይቀርባል ወይም ይርቃል። ከዚህ ዘመን ጀምሮ በጊታር ላይ አዲስ ሥራ መጣ፤ አውታር ማቃናት ብቻ ሳይሆን ርቀት ማስተካከል።

ቻርሊ ክሪስቲያን ይህን ጊታር ይዞ በነሐሴ 1939 ወደ ቤኒ ጉድማን የሙዚቃ ጓድ ሲገባ የ23 ዓመት ወጣት ነበረ። ጊታር ከጥሩምባና ከክላርኔት ጋር እኩል ቆሞ ዜማ ሲመራ ዓለም በሰፊው የሰማው በእርሱ እጅ ነው። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በመጋቢት 1942 ሞተ፤ በስመ ጥሩ ጓድ ውስጥ የተጫወተው ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው ድምፅ ሞላ ያለ፥ ክብ፥ ለስለስ ያለ ነው፤ ብሩህ ለማለት ግን አያስደፍርም። ጆሮው የተቀመጠው ወደ አንገቱ ቀረብ ብሎ ስለ ሆነ ነው።

የቦታው ነገር እንዲህ ነው። አውታር ሲመታ የሚርገበገበው እንደ አንድ ቅስት ብቻ አይደለም፤ ለሁለት፥ ለሦስት፥ ለአራት ተከፋፍሎም በአንድ ጊዜ ይርገበገባል። ለድምፁ ብርሃን የሚሰጡት እነዚህ ትንንሽ ርግብግቦች ናቸው። በአውታሩ መካከል ትልቁ ርግብግብ ገንኖ ሲሰማ፥ አውታሩ በሚያርፍበት በድልድዩ አጠገብ፥ በገና ደርዳሪዎች ብርኩማ በሚሉት ማለት ነው፥ ትልቁ ደክሞ ትንንሾቹ ጐልተው ይታያሉ። ክራር የሚመታ ሰው እጁን ወደ ብርኩማው ባስጠጋ ጊዜ ድምፁ የሚሾለው ስለዚሁ ነው። ጆሮም እንደ ጣት ነው፤ የት እንደ ተቀመጠ የሚሰማውን ይወስነዋል።

በፉለር ጆሮ ላይ ሌላም ችግር ታየ። ከስድስቱ አውታሮች ከቀጭኑ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው አውታር ከሌሎቹ በላይ ይጮኽ ነበር። በኋላ የተሠሩት በዚያ አውታር ሥር ስለቱን በሞረድ ጥቂት ጎድጎድ አደረጉት፤ ብረቱ ከአውታሩ ስለ ራቀ ጩኸቱ በረደ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ጊብሰን ፒ 90 የተባለውን ጆሮ ሲያወጣ በየአውታሩ ሥር አንዳንድ ብሎን አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን አውታር ለየብቻው ለማመዛዘን ሞረድ ቀርቶ ካቻቢቴ በቂ ሆነ።

ካቻቢቴ የያዘ ተጫዋች ሁሉ የሚጀምረው ጆሮውን ወደ ላይ በማቅረብ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጆሮው በቀረበ መጠን ድምፁ ይበረታል፤ የበረታ ድምፅም ለጊዜው የጠራ ይመስላል። ሆኖም ማግኔት የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚስብም ነው። ርቀቱ እጅግ ሲያንስ ማግኔቱ የአውታሩን መርገብገብ ይጎትታል፤ ድምፁ ፈጥኖ ይሞታል። ከዚህ የባሰውም አለ። በወፍራሙ አውታር ላይ ወደ አንገቱ መጨረሻ ተጠግተን ስንጫን፥ ከአንዱ አውታር ሁለት የማይስማሙ ድምፆች የሚወጡ ያህል እየተንቀጠቀጠ ይሰማል። አውታሩ ወደ ማግኔቱና ወደ ጐን እኩል መርገብገብ ስለ ተከለከለ ነው። ያላወቀው ሰው አውታሩን ይለውጣል፤ ቅኝቱን ደጋግሞ ያቃናል፤ አንገቱ ጠሟል ብሎ ወደ ሠሪ ይወስደዋል። መድኃኒቱ ግን የሁለት ብሎን ጥቂት ዙር ነው።

ጊታር መቺዎች ከሆኑት ባልንጀሮቻችን ጠይቀን እንደ ተረዳነው የሥራው አካሄድ ይህን ይመስላል። አውታሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ይይዙና ከአውታሩ ሥር እስከ ማግኔቱ ራስ ያለውን ክፍት ቦታ ይለካሉ። ማግኔቱ ራሱ ዘንግ ሆኖ ወደ አውታሩ ለቀና እንደ ፌንደር ላለው ጆሮ በወፍራሙ አውታር በኩል 2.4፥ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ማግኔቱ ከሥር ተጋድሞ ለተቀመጠበት ባለ ሁለት ጥቅልል ጆሮ በድልድዩ በኩል 1.6፥ በአንገቱ በኩል 2.4 ሚሊሜትር ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ዳኛው የሰው ጆሮ ነው። ብሩህ ድምፅ የፈለገ ሰው የድልድዩን ከማቅረቡ በፊት የአንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ አውታሩ በአንገቱ በኩል በሰፊው ስለሚወዛወዝ ያኛው ሁልጊዜም ይበረታልና። ወፍራሞቹ አውታሮች ቀጭኖቹን የሸፈኑ እንደ ሆነ ደግሞ በወፍራሞቹ በኩል ያለውን ብሎን አላልቶ ጆሮውን ያዘነብለዋል። የየአውታሩ ብሎን ያለው ጆሮ ሲሆን ጠቅላላውን ዝቅ አድርጎ ብሎኖቹን ብቻ ከፍ ማድረግ ድምፁን ያጠራዋል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር በላይ አይዞርም፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ መጫወትና ማዳመጥ ያስፈልጋል። ማጉያውም ከፍ ብሎ ጨዋታ በሚደረግበት መጠን መሆን አለበት፤ በለሆሳስ የተስተካከለ ጊታር በአዳራሽ ውስጥ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። በፉለርተን ከተማ በ1938 የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሊዮ ፌንደር የሚባል ሰው ነበረ። ጊታር መምታት አያውቅም ነበር፤ ይህም ሳይጠቅመው የቀረ አይመስለንም። ተጫዋች ቢሆን ኖሮ የለመደውን ድምፅ ይሠራ ነበር፤ እርሱ ግን ሬዲዮ ጠጋኝ ስለ ነበረ የሚሻው ከጭነት ነጻ የሆነ፥ እያንዳንዱ አውታር ለየብቻው የሚሰማበትን ድምፅ ነው። የሚወደውም የገጠሩን የአሜሪካ ሙዚቃና በጭን የሚመታውን ጊታር ነበር። በ1950 ያወጣውና በ1951 ቴሌካስተር የተባለው ጊታር ገላው ድፍን ጣውላ ነው። በድልድዩ ያለውን ጆሮ ሰያፍ አድርጎ አስቀመጠው፤ በቀጭኖቹ አውታሮች በኩል ያለው ጫፍ ወደ ድልድዩ የቀረበ፥ በወፍራሞቹ በኩል ያለው የራቀ ነው። በዚህም ቀጭኖቹ ብርሃናቸውን አገኙ፤ ወፍራሞቹም ሙላታቸውን አልተነፈጉም። ጥቂት ዲግሪ ያዘነበለ አንድ ዕቃ የብዙ ዓመት ጥያቄ መለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ሦስት ጆሮ አለው። በያንዳንዱ ውስጥ የቆሙት ስድስት የማግኔት ዘንጎች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ በዘመኑ ሰዎች ይወጥሩት በነበረው አውታር ልክ ተመዝኖ አንዱ ከፍ፥ አንዱ ዝቅ ተደርጓል። በተለይ የሦስተኛው አውታር ዘንግ ቁመቱ የረዘመ ነበር፤ አውታሩ በላዩ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት በመሆኑ ድምፁ ደካማ ነበርና። ከዚያ በኋላ ግን ተጫዋቾች ሽቦ ያልተጠመጠመበትን ሦስተኛ አውታር ወደዱ። ዘንጉ እንደ ቆመ ቀረ፤ አውታሩ ተለወጠ፤ ስለዚህም ሦስተኛው አውታር ከሌሎቹ በላይ መጮህ ጀመረ። ብሎን ቢሆን ዝቅ ባደረጉት፤ ነገር ግን ስሱ ሽቦ የተጠመጠመው በዘንጎቹ ላይ በቀጥታ ስለ ሆነ ዘንጉን ለመግፋት የሞከረ ሰው ሽቦውን በጥሶ ጆሮውን ሊያደነቍረው ይችላል። ለአንድ ዘመን በሚገባ የተመዘነ ሥራ ለሌላው ዘመን እንዲህ ዕዳ ሆነ።

ሽቦውን ካነሣን ዘንድ፥ ውፍረቱ 0.063 ሚሊሜትር ያህል፥ ከሰው ጸጉር ጋር የሚወዳደር ነው። በአንድ የፌንደር ጆሮ ላይ ወደ 8 ሺህ ዙር ገደማ ይጠመጠማል፤ በፒ 90 ላይ 10 ሺህ ገደማ። ዙሩ በበዛ መጠን የሚወጣው ኤሌክትሪክ ይበዛል። ይሁን እንጂ ጥቅልል ሁሉ ፈጣኑን ምልልስ የመቃወም ጠባይ አለው፤ ዙሩ ሲጨመር ይህ ጠባይ ይበረታና ከሁሉ ቀድሞ የሚታፈነው የላይኛው፥ ብርሃን ሰጪው ድምፅ ነው። ኃይልና ብርሃን በአንድ ሚዛን ሁለት ወገን የተቀመጡ መሆናቸው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ስፍራ የለም።

ሌላው ጠላት እምምታው ነው። የሽቦ ጥቅልል የአውታሩን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ያለውንም የኤሌክትሪክ ኃይል ይሰማል፤ በአሜሪካ የመብራቱ ኃይል በሴኮንድ 60 ጊዜ፥ ባገራችን 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፥ ጊታሩ ያለ አውታር ምት እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። በጊብሰን ፋብሪካ የነበረው ሴዝ ላቨር ይህን የሚያጠፋ ጆሮ ሠርቶ በሰኔ 1955 ማመልከቻ አስገባ። ዘዴው እጅግ ያስደስታል። ሁለት ጥቅልሎች ጐን ለጐን ይቀመጣሉ፤ አንዱ የተያያዘው በሌላው ተቃራኒ ነው፤ ማግኔታቸውም እንዲሁ ተቃራኒ ነው። ከውጭ የሚመጣው እምምታ ለሁለቱም አንድ ስለ ሆነ ሲገናኝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የአውታሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ተደምሮ ይወጣል። ስሙም ሀምባከር ተባለ፤ እምምታ አጥፊ እንደ ማለት ነው። መብቱ የተሰጠው በሐምሌ 1959 ነው። ፋብሪካው ግን «መብት ተጠይቆበታል» የሚለውን ተለጣፊ ከዚያም በኋላ ዓመታት ያህል ሲለጥፍ ቆየ፤ በመጨረሻ ቍጥር ባተመ ጊዜም ያተመው የጆሮውን ሳይሆን የአንድ የአውታር ማሰሪያ ብረት መብት ቍጥር ነው። ተወዳዳሪዎችን ለማሳሳት ነው የሚሉ አሉ። ዛሬ ያ ተለጣፊ ያለበት ጆሮ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉት ዕቃ ሆኗል።

ዋጋው እዚህም አልቀረም። ሁለቱ ጥቅልሎች አውታሩን በሁለት ቦታ ስለሚሰሙት አንዳንዶቹ ትንንሽ ርግብግቦች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ በየጥቅልሉ 5 ሺህ ዙር ገደማ ሲደመር ደግሞ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ድምፁ የሞላ፥ የወፈረ፥ ጸጥ ባለ መሠረት ላይ የቆመ ነው፤ የፌንደር ጥራት ግን የለውም። በዚያው ዘመን ሬይ በትስ የተባለ የኢሊኖይ ሰው፥ የታወቀው ጊታር መቺ ቼት አትኪንስ እምምታውንና በማግኔት ጉተታ የሚሞተውን ድምፅ ስለ ጠላ፥ ለግሬች ጊታር የሚሆን ሌላ ባለ ሁለት ጥቅልል ጆሮ ሠራ። እርሱ ዙሩን አሳነሰ። ድምፁ ከላቨር ጆሮ ደከም ያለ፥ ነገር ግን በግልጽ የጠራ ሆነ። እኛ የሁለቱን ሰዎች ሥራ ስናስተያይ በትስን ዝናው ከሥራው ያነሰ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን።

በ1960ዎቹ አንዳንድ የእንግሊዝ ወጣት ተጫዋቾች ከሀምባከሩ ላይ የብረት ክዳኑን እየነቀሉ ይጥሉ ነበር። ክዳኑ ብረት ስለ ሆነ የማግኔቱ ኃይል ሲወዛወዝ በውስጡ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪቶች ይፈጠሩና ከላይኛው ድምፅ ጥቂት ይበላሉ። ላቨር የመረጠው የመዳብ፥ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ብዙ አይበላም፤ ርካሽ የናስ ክዳን ግን ድምፁን በግልጽ ያደበዝዘዋል። በጊታሩ ውስጥ ያለው የድምፅ ቁልፍም ድርሻ አለው፤ ፌንደር 250 ሺህ፥ ጊብሰን ለሀምባከሩ 500 ሺህ ኦም የሆነውን ይመርጣሉ፤ የበለጠው ተጨማሪ ብርሃን ያሳልፋል። ገመዱም በረዘመ ቍጥር የላይኛውን ድምፅ ይውጣል። ድምፁ የደበዘዘበት ሰው አዲስ ጆሮ ለመግዛት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አጭር ገመድ ቢሞክር አይጎዳም።

በስትራቶካስተር ላይ የነበረው መምረጫ ሦስት ማረፊያ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ግን በሁለት ማረፊያዎች መካከል ሲያቆሙት ሁለት ጆሮዎች አብረው እየሠሩ ቀጭን፥ እንደ ጥዋ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ እንደሚሰጡ ደረሱበት። ፌንደር ፋብሪካ ባለ አምስት ማረፊያ መምረጫ የገጠመው በ1977 ነው፤ ጊታሩ ከወጣ ከ23 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ዘመኑ እንደ ገና ኃይልን ፈለገ። በ1972 ላሪ ዲማርዚዮ ብዙ ዙርና ብርቱ ማግኔት ያለበት ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለ ጆሮ አወጣ፤ ማጉያውን እስኪጮህ ለሚገፉ ተጫዋቾች ተስማማቸው። ከዚያ ወዲህ የጆሮ ሠሪዎች ቁጥር በዝቷል። የሚያስገርመው ግን ብዙዎቹ ዛሬ የሚደክሙት በ1950ዎቹ የተሠሩትን ደካማ ጆሮዎች መስለው ለመሥራት ነው፤ ዙር ይቀንሳሉ፥ ደካማ ማግኔት ይመርጣሉ፥ የድሮውን ሽቦ ይፈልጋሉ።

የኤሌክትሪክ ጊታር ባገራችንም ቦታ ካገኘ ቆይቷል። አይቤክስ፥ በኋላም ሮሃ በተባለው ጓድ የሰላም ሥዩም ጊታር ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚሰማ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ያዳመጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ከነፋሾቹ መካከል ሳይጮህ ተለይቶ ይወጣል። እኛን ይልቁን የሚያሳስበን የክራር ነገር ነው። ክራር በአዳራሽና በሠርግ ቤት ከማጉያ ጋር መሰማት ከጀመረ ወዲህ የደረሰበት ሁኔታ የጊታር መቺዎች ከ90 ዓመት በፊት ከገቡበት ጋር ይመሳሰላል፤ መሰማት አለበት፤ ሲሰማም ራሱን መምሰል አለበት። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን የመጀመሪያው ተገኝቶ ሁለተኛው ሲጠፋ ነው።

ጅማት ወይም ናይለን የተወጠረበት ክራር በማግኔት ጆሮ ሊሰማ አይችልም፤ ብረት የለውምና። ለእርሱ የሚያስፈልገው የእንጨቱንና የቆዳውን ንዝረት በመነካካት የሚቀበል ጆሮ ነው። ይህኛው የክራሩን ገላ ጠባይ ይጠብቃል፤ ነገር ግን የጣት ፍትጊያውንና የገላውን ኳኳታም አብሮ ያመጣል፤ ማጉያው ሲቀርበውም ፈጥኖ ያፏጫል። ብረት አውታር የተወጠረበት ክራር ደግሞ የጊታር ጆሮ ሊገጠምለት ይችላል፤ ድምፁ ብርቱና ጥሩ ይሆናል፤ የቆዳው ድምፅ ግን ከሞላ ጐደል ይቀራል፤ ማግኔቱ የሚሰማው አውታሩን እንጂ ቆዳውን አይደለም። ከዚህም ሌላ የጊታር ጆሮ የተመዘነው እኩል ተራርቀው ለቆሙ ስድስት አውታሮች ነው፤ የክራር አውታሮች አምስት ወይም ስድስት ሆነው ወደ ብርኩማው እየተጠጋጉ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ አንዱ በማግኔቱ ራስ ላይ፥ ሌላው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ያልፍና ያኛው ሲጮህ ይህኛው ይደክማል። በክራር ላይ ከዘንጎች ይልቅ እንደ ፉለር ያለ ወጥ ስለት፥ በአውታሮቹ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፥ የሚሻል ይመስለናል። ስለቱ ከብርኩማው ስንት ጣት ርቆ፥ ከአውታሩስ ስንት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ የክራሩ ጠባይ እንደሚጠበቅ ግን በወረቀት የሚወሰን አይደለም፤ ክራር ሠሪና ክራር መቺ በአንድ ጣውላ ላይ ጐንበስ ብለው፥ ብሎኑን ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞሩ የሚያገኙት ነው።